ወደኔ እያየሽ ድገሚው

እቴ አንጓች መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች ከአርባ ስድስት ቀን በኋላ ነው። መንገዱ ዝግ ነበር፤ ስልኩም ጠፍቶ ከርሟል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በደኅናው ጊዜ ማንኩሳን አልፎ ጥቂት ነው፤ ሰው ጧት ሄዶ ገበያውን ጨርሶ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን ግን ቡሬ ከናካቴው የሌለች ያህል ሆና ነበር። ስልኩ በተከፈተ በማግሥቱ የወንድሟ ልጅ በላይነሽ ደወለችልኝ።

«እማማ ስመኝ፣ እንዴት ከረሙ?» አለች። ድምፅዋ ሲለሳለስ ነገሩ ገባኝ። «አክስቴ አርፈዋል። አርባቸውንም አወጣን። ለእርስዎ ሳልነግር መቅረቴ ሲከነክነኝ ነው የከረመው፤ ግን በማን ልላክብዎት?»

ምን እንዳልኳት አላውቅም። ስልኩን አስቀምጬ ስቀነጥሰው ወደነበረው ጎመን ተመለስኩ። ሁለት ቅጠል ቀንጥሼ ተነሣሁ። እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ። ልጄ አየችኝና «ምነው እማ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴም ያው ነው። ግን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። ሌላ ሰው ቢጽፈው ለኔ ያደላልኛል።

በሰፈራችን እኔን የሚያውቁኝ ለእውነት በመሟገት ነው። በቦኖው ውሃ እኔ ቆሜ የሰው ጄሪካን ዘሎ የሚቀዳ የለም። እህል በረንዳ ስገባ ነጋዴዎቹ «መጣች» ይባባሉና ሚዛናቸውን ያስተካክላሉ። በዚህ እኮራ ነበር። እቴ አንጓችንም ያወቅኋት በዚሁ በቦኖው ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ጉልበት ነበረን፤ እሷ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አንዲት አራስ ከኋላ መጥታ ከአንጓች ፊት ስትቆም አየሁ፤ አንጓችም ዝም ብላ አሳለፈቻት።

«አንቺ ሴትዮ!» አልኳት ከወዲያ። «ይኼ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ቦታ የምታድዪው አንቺ ማን ነሽ?»

አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ በመዳፏ ዳበሰች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ የተጨማደደ ነገር እንደምታቃና።

«የሰጠኋት የራሴን ቦታ ነው። እኔ መጨረሻ ሄጃለሁ። ጄሪካኔን አየሽው ወይስ ጮኽሽ ብቻ?»

ዞሬ ባይ ሰማያዊ ጄሪካኗ ከሁሉ ኋላ፣ ከጭቃው ዳር ቆሟል። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ስመኝ ዛሬ ተገኘች!» አሉ። ፊቴ እሳት ሆነ። በዚያ ቀን ልጠላት ይገባኝ ነበር። የሆንኩት ግን ሌላ ነው፤ ይህች ሴት እንድትወደኝ ፈለግሁ። ይህን መፈለጌ ዕድሜ ልኬን አልለቀቀኝም።

ሥራዋ በርበሬ መቀንጠስ ነበር። ከነጋዴዎቹ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የበርበሬውን ዘንግ ትለያለች። ከዚያ የተነሣ ዓይኗ መቼም እንደቀላ ነው። የማያውቃት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» ይላታል። «በርበሬ ነው ልጄ፣ እለፍ» ትላለች። ባል ቀደም ብሎ ሞቶባታል፤ ልጅ አልወለደችም። ሰው ከንፈር ሲመጥላት አትወድም። ሰው ሲያመሰግናትም እንደዚያው አትወድም። ስለሷ ምን እንደተባለ ልትነግራት የመጣች ሴት ካለች፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ «ተይው፤ አንዱ ካየኝ ይበቃኛል» ብላ ጣራውን እንኳ ቀና ብላ ሳታይ ወደ በርበሬዋ ትመለሳለች።

ቅድስት ነበረች እያልኩ አይደለም። ቃሏ ይሻክራል። መዝሙር ስንዘምር ዜማውን አጥፍታ ሁላችንንም ታሳስተናለች፤ ስንስቅባት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ሰው ቤት ገብታ ወጡ ጨው ከበዛበት «ጨው በዝቶበታል» የምትል ሴት ነበረች። እኔ ግን እያደር ከሷ አፍ አንድ መልካም ቃል ለመስማት የማላደርገው ነገር ጠፋ።

ማኅበራችን የማርያም ማኅበር ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ እናበላለን፣ እናጠጣለን። ዝክሩ ሲያበቃ ጽዋው በሚቀጥለው ወር ወደምታበላው ሴት ቤት በመዝሙር ይሸኛል፤ እሷም እስከ ተራዋ ድረስ ትጠብቀዋለች። ጽዋው ማኅበሩን የመሠረቱት እናቶች ያስቀመጡልን ጥቁር ሸክላ ነበር። ደንቡ የታወቀ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ሌላ ነገር አይነካውም። ሌላም ደንብ አለ። ቄሱ ጸልየው ጽዋውን ከማንሣታቸው በፊት «ቅያሜ ያለበት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የተጣላ ካለ እዚያው ይታረቃል። ያልታረቀ ከጽዋው አይጠጣም።

ከኛ ሴቶች ጋር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የምታበላዋ ሴት መሶቡ ሞልቶ እየፈሰሰ «ይቅርታ፣ ምንም አልተሠራ፣ ባዶ ቤት ጠራኋችሁ» ትላለች። እኛ ደግሞ ተሻምተን «ኧረ ምን ጎደለው! ኧረ በዛ!» እንላለን። ይህን ሳይሉን የበላነው አይወርድልንም። አንድ ዓመት በርበሬ ጠፍቶ መጋዘኑ ተዘጋና የአንጓች ተራ ደረሰ። ገብተን ስናይ የባቄላ ንፍሮና ቅራሪ ብቻ ነው። እርስ በርሳችን ተያየን። እሷ ይቅርታም አላለች፣ ምንም አላለች። «ያለኝ ይኸው ነው፤ ብሉ» አለችና ተቀመጠች። ይቅርታ ስላላለች ምን እንደምንላት ጠፋን። የማኅበሩ ቄስ ልየው ብቻ ከንፍሮው አፍሰው «በረከት ነው» አሉ። እኔ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ፤ ሰው እንዴት እንደዚህ መሆን ይችላል?

የኔ ተራ ኅዳር ነው፤ የጽዮን ማርያም ዕለት። ድፎዬን በኮባ ጠቅልዬ ስጋግር አውራ ጎዳናው ድረስ ይሸታል። ሴቶቹ ያወድሱኛል። እኔ የማየው ግን በበሩ አጠገብ ያለችውን አንጓችን ነው። ሁልጊዜ ከበሩ ጥግ ነበር የምትቀመጠው። በልታ ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ» ብቻ። አንድ ዓመት አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

«እቴ አንጓች፣ ዳቦው እንዴት ነበር?»

የነጠላዋን ጫፍ ዳበሰች። «የጋገርሽው ለማርያም ነው ወይስ ለኔ?»

«ለማርያም ነው እንጂ።»

«እንግዲያ እሷን ጠይቂያት።»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታውን ግን አላስተኛኝም።

በቀጣዩ ዓመት ነው ነገሩ የሆነው። ጽዋው በጥቅምት ከአንጓች ቤት ወደኔ ተሸኘ። ኅዳር እስኪደርስ አንድ ወር መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጠ። ጥላሸትና የጌሾ አተላ ተጋግሮበታል። ዘንድሮ አዲስ አለብሰዋለሁ፣ ወርቀ ዘቦ አለብሰዋለሁ ብዬ ጨርቅ ገዝቻለሁ። አዲስ ጨርቅ ለቆሸሸ ሸክላ እንዴት ይሆናል አልኩ። በግራዋ ቅጠል ፈተግሁት። አልለቅ አለ። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚለውን ደንብ ረሳሁት ብል እዋሻለሁ፤ አልረሳሁትም። ሲያበራ አይተው ሴቶቹ የሚሉት ነበር በጆሮዬ የሚጮኸው። የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። «ጧ» አለ። ከከንፈሩ እስከ ሆዱ የፀጉር ክር የምታህል መስመር ወረደች።

በሰም ደፈንኳት። ጨርቁን አለበስኩት። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ጽዋው ባይፈስስ ምንም አልልም፤ ቢፈስስ የምለውን ግን አዘጋጅቼ ነበር። ሰው ድንገት ከአፌ አመለጠኝ ይላል። እኔን አላመለጠኝም።

በዕለቱ ቄስ ልየው ጠላውን ባርከው ጽዋውን ሲያነሡ በጣታቸው መካከል ተንጠባጠበ። ወርቀ ዘቦው ረጠበ። እቴ ጥሩዓለም የማኅበሩ መሪ ናት፤ እኛ ሙሴ ነው የምንላት። ተነሥታ ጨርቁን ገልጣ አየች።

«ይኼ ምንድን ነው ስመኝ? ተሰንጥቋል እኮ!»

«እኔም ዝም ብዬ ነው እንጂ» አልኩ፣ «ከእቴ አንጓች ቤት ሲመጣ ጀምሮ ነው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። አንጓች ንፍሮና ቅራሪ ያበላች ሴት ናት፤ ጨው በዝቷል የምትል ሴት ናት። እኔ ስመኝ ነኝ፣ ሚዛን የማስተካክል። ማንን ያምናሉ?

አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ዳበሰች። «እኔ ስሰጥሽ ደኅና ነበር» አለች። ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፣ «ስመኝ፣ ወደኔ እያየሽ ድገሚው።»

ዛሬ ድረስ እግሬን የሚያነሣኝ ያ ነው። እዚያ ላይ መመለስ እችል ነበር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ወደሷ አየሁ። ዓይኗን ሳይሆን ከሁለቱ ቅንድቦቿ መካከል አየሁ።

«ከአንቺ ቤት ሲመጣ ጀምሮ ነው» አልኩ።

ደገምኩት።

በወሩ፣ ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ እቴ ጥሩዓለም ቤት ተሰበሰብን። አዲስ ጽዋ ተገዝቶ ነበር። ቄስ ልየው «ቅያሜ ያለበት አለ?» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ወደኛ አየ። እኔ ቀድሜ ተነሣሁ።

«አባታችን፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ» አልኩ።

እልል አሉ! እልልታው ጣራውን ነካው። «እንዴት ያለች ሴት ናት!» ሲባል በሁለት ጆሮዬ ሰማሁ። አንዲቷ እንባዋን ጠረገች። ልክዳችሁ አልችልም፤ ደስ አለኝ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላገኘሁም። እርግጥ ነው፣ ከሥሩ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር፤ ግን ደስታው ይበልጥ ነበር።

«አንቺስ አንጓች?» አሉ ቄሱ።

«አባቴ፣ ያላጠፋሁትን ይቅር ተባልኩ ብዬ ጽዋ አልጠጣም» አለች። «ውሸት ጠጥቼ ከማርያም ፊት አልቆምም።»

«ኧረ ተይ! ይቅር ተብለሽ?» አለች ጥሩዓለም። «ልብሽ ድንጋይ ነው እንዴ?»

አንጓች ተነሣች። የላስቲክ ጫማዋን ከበሩ ላይ አንሥታ ማሰሪያውን ስታስር ብዙ ቆየች። ማንም አላናገራት። ስትወጣ ዓይኗ እንደቀላ ነበር፤ «በርበሬ ነው» አልኩ በልቤ። በዚያ ወር መጋዘኑ ዝግ እንደነበር ያስታወስኩት ቆይቶ ነው።

ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሰላምታ የሚሰጣት ጥቂት ሆነ። ወንድሟ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤቷ ከማኅበራችን የደረሰ አልነበረም። እኔም አልሄድኩም። በደጇ በኩል ሁለት ጊዜ አልፌ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ንስሐ አባቴ ቄስ ልየው አይደሉም፤ ነገሩን ስናዘዝላቸው ስግደት ሰጡኝ፤ «ሄደሽም ታረቂ» አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሌሎቹ ቀንጣሾች ለምሳ ወጥተው እሷ ብቻዋን ነበረች። ከመግባቴ አስነጠሰኝ።

«እቴ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ያልኩሽ የዚያኑ ዕለት ነው» አለች፣ ከበርበሬው ዓይኗን ሳታነሣ።

«እንግዲያ ማኅበሩ ተመለሺ።»

«በምን ፊቴ? እነሱ እኮ ሸክላ ሰብራ የካደች ነው የሚሉኝ። በሰው ፊት ያልሽውን ለብቻዬ አትመልሺልኝ፣ ስመኝ።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አትናገሪም? ለምን ዝም አልሽ?»

አንድ በርበሬ ቀነጠሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ ቀይ ዓይኗ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እነሱ ባይወዱኝም እኖራለሁ» አለች። «አንቺ አትችይም።»

እንደ ጥፊ ነበር። «እኔ? እኔን ነው?» ብዬ ጮኽሁባት። «እኔ ማንንም የማልፈራ ሴት! በገዛ በርበሬሽ ታፈኚ!» ብዬ ወጣሁ። እንደተናደድኩ ቤቴ ደረስኩ። ያ ንዴት ለብዙ ዓመት ጠቀመኝ። ነገሩ ሲቆረቁረኝ «ሰድባኛለች እኮ» እላለሁ፤ ያልፍልኛል። እውነቷን መሆኑን ግን ያን ዕለት ከመጋዘኑ በር ሳልደርስ አውቄዋለሁ።

ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ በላይነሽ ወደ ቡሬ ልትወስዳት መጣች። መናኸሪያ እንደምትሄድ ሰምቼ ሮጥኩ። አንድ ቋጠሮ ብቻ ነበር ያላት። ቋጠሮዋን ከእጇ ነጥቄ ሚኒባሱ ድረስ ተሸከምኩላት።

«እቴ፣ እናገራለሁ» አልኳት። «በኅዳር፣ በተራዬ፣ በሰው ፊት እናገራለሁ።»

«ለኔ አትንገሪኝ» አለችና ሳቀች፤ ጥርሷ ብዙ አልቀረም ነበር። «በይ ደኅና ዋዪ። ጉልበትሽን አትጉጂው፣ ቦኖው ላይ ገና ብዙ ትቆሚያለሽ።»

ያ ኅዳር መጣ፤ እንግዶች ነበሩብኝ። የሚቀጥለው መጣ፤ ልጄ አራስ ነበረች። ሌላው መጣ፤ ሰው በፍርሃት ላይ ነው፣ አሁን ይህን ማንሣት ምን ይጠቅማል አልኩ። አራት ኅዳር አለፈ። እኔ በቦኖው ላይ «ተራ ይከበር!» እያልኩ እጮሃለሁ።

ከበላይነሽ ስልክ በኋላ መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ቡሬ ስደርስ በላይነሽ ቤቱን አሳየችኝ፤ የተኛችበትን መደብ፣ መቋሚያዋን፣ የላስቲክ ጫማዋን። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሏት በእንባዋ መሐል ሳቀች።

«ልንገርዎት? እኔ እርስዎን በቅጡ ሳላውቅ ጠልቼዎት ነበር።»

«ምን ነግራሽ ነው?» አልኳት።

«በየወሩ በሃያ አንድ ዳቦ እጋግርላቸዋለሁ። ይቀምሱና ‹ጥሩ ነው፣ ግን የስመኝን አያህልም› ይሉኛል። ውሃውን ብለውጥ፣ ኮባውን ብለውጥ፣ ‹አይ፣ የስመኝን አያህልም›። አራት ዓመት ሙሉ! ‹እንደሷ ዳቦ በሕይወቴ አልበላሁም፤ ግን እንዳትነግሪያት፣ ትታበያለች› ይሉ ነበር።»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግሁት ቃል ነው። በሰው አፍ፣ ከመቃብር ወዲህ ደረሰኝ። ያቃጥላል።

«ስለ ጽዋውስ አልነገረችሽም?»

«የምን ጽዋ?»

«ማኅበሩን ለምን እንደተወች?»

«ዓይናቸው ስለደከመ አይደል? እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

ለገዛ ወንድሟ ልጅ አልነገረቻትም። መቃብሯ ጋ ቆሜ «እቴ» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። እዚያም ብቻችንን ነበርን። ለብቻዬ አትመልሺልኝ ብላኛለች።

ኅዳር ሃያ አንድ ደረሰ። ድፎውን ጋገርኩ። ሴቶቹ ገቡ፤ በአንጓች ፈንታ የገባችው ወጣት ሴትም መጣች። ቄስ ልየው አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያስገባቸው። ጸለዩ። «ቅያሜ ያለበት አለ?» አሉ። እንደ ልማዳችን «የለም አባታችን» ሲባል እኔ «አለ» አልኩ።

ጥሩዓለም ሳቀች። «ደግሞ ከማን ጋር ነው? የቦኖውን ጠባቂ ወደ ማኅበር አመጣሽብን?»

ሁሉም ሳቁ። እስኪጨርሱ ቆምኩ።

«ከእቴ አንጓች ጋር» አልኩ።

«ውይ! ነፍስ ይማር እንጂ። ደግሞ አንቺ ይቅር ብለሻት የለም እንዴ?»

«ይቅር ያለችኝ እሷ ናት። ጽዋውን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። በደንቡ የተከለከለውን የፈላ ውሃ አፍስሼበት፣ እንዲያምርልኝ ብዬ። በሰም ደፍኜ አቀረብኩት። እሷ ስትሰጠኝ ደኅና ነበር። ወደኔ እያየሽ ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ዋሽቼ ነው።»

ይህን ስል ጥሩዓለምን ዓይን ዓይኗን ነበር የማያት። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

«እኔ እኮ» አለች። «እኔ እኮ ወንድሟ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኳትም! አብሮ አደጌ ናት! ሸክላ ሰብራ ይቅርታ የናቀች ብዬ፣ ላንቺ ብዬ፣ መንገድ ስታቋርጥ ፊቴን አዙሬባታለሁ! ስመኝ!»

«አዎ» አልኩ።

«አዎ ትለኛለች!» አለች ለሌሎቹ። አንዲቷ «ሞታ ከተቀበረች ወዲያ ምን ያደርጋል?» አለች። ሌላይቱ «ያን ቀን እልል ብያለሁ እኮ፤ አልቅሻለሁ» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። ወጣቷ ሴት ማንን እንደምታይ ጠፍቷት መሬት መሬቱን ታያለች።

ቄስ ልየውን አየኋቸው። የጠበቅሁት ነገር ነበር፤ አልክድም። ‹ተባረኪ›፣ ‹ጎበዝ›፣ ‹እንዲህ ነው ንስሐ› እንዲሉኝ። ያን ሁሉ ተናግሬ እንኳ እጄን ለምስጋና ዘርግቼ ነበር። አላሉም።

«ዛሬ ከጽዋው አትጠጪም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ነገ ጧት ቤተ ክርስቲያን ነይ።»

ከቄሱ አጠገብ ካለው ቦታዬ ተነሣሁ። ልጄ ለማስተናገድ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ፈጦ ታየኛለች። ሄጄ ከበሩ ጥግ፣ አንጓች ትቀመጥበት ከነበረው ተቀመጥኩ። በገዛ ቤቴ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ ሲታይ ሁሉም ነገር ሌላ ነው። ሴቶቹ ከመሳቃቸው በፊት ማን ማንን እንደሚያይ ይታያል። ከመናገራቸው በፊት ወዴት እንደሚዞሩ ይታያል። እሷ ይህን ሁሉ እያየች ነበር ለካ ያን ሁሉ ዓመት ንፍሮዋን የምትበላው።

ጽዋው ዞረ። ከአጠገቤ ያለችው ጠጣች። እኔን ዘሎ ወደ ቀጣይዋ ሄደ። እጄ ባዶውን ስለሆነ የማደርገው አጣሁ፤ የነጠላዬን ጫፍ ዳበስኩ። እግሬ ተነሺ ተነሺ ይለኝ ነበር። አልተነሣሁም።

ዳቦው ተቆረሰ፤ ታደለ። ዝም ብለው በሉ። ጥሩዓለም የሷን ሳትነካው ትታ ወጣች። ሌሎቹም ተራ በተራ «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ጫማቸውን ፈለጉ። ዳቦውን ማንም ጥሩ ነው አላለም።

የተረፈውን ቆርሼ ቀመስኩት። ጥሩ ነበር።